የራሴን ኮሚክ ሊሸጡልኝ ሞከሩ

ዛሬ ዲላ ውስጥ፣ እኔው የሣልኩትን ኮሚክ መጽሐፍ በስምንት ሺህ ብር እንድገዛ ተጠየቅሁ።

"ለአንቺ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች አሥር ሺህ ብለውኛል" አሉኝ የመጽሐፍ መደብሩ ባለቤት።

ታሪኩ ስለ አንዲት የወናጎ ባጃጅ ነጂ ነው። ያሳተምኩትን በሙሉ ሸጠው እንዲከፍሉኝ ለእኚሁ ሰው አስረክቤ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው "እህቴ፣ የሥዕል መጽሐፍ ማን ይገዛል? ለኮሎ ሻጮች ሰጠሁት" አሉኝ።

አመንኳቸው። መናኸሪያ ኮሎ ስገዛ ባጃጅ ነጂዋ ራሷ፣ ከነገጿ፣ ኮሎ ተጠቅልሎባት መጥታለች። ጨው በዝቶባት ነበር።

ዛሬ ግን ከጠረጴዛ ሥር በላስቲክ የታሸገ አንድ ቅጂ አወጡ። የመጨረሻው ነው አሉ።

"ለምን ተወደደ ጋሼ?"

"ስለሌለ ነዋ።"

ለምን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቀጥለው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። "ፈርሚበት፤ የደራሲ ፊርማ ካለው ዋጋው ይጨምራል።"

ላስቲኩን ቀድጄ ሽፋኑ ላይ "የደራሲዋ ቅጂ፤ አይሸጥም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ኧረ እህቴ፣ ገንዘቡስ?"

"ከኮሎው ሂሳብ ላይ ይቀንሱት ጋሼ።"

ዋናዎቹን ሥዕሎች ጣሪያችን አፍስሶ ዝናብ አበላሽቷቸዋል። እንደገና ለማሳተም ያለኝ ይህ ቅጂ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ማተሚያ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። ታትሞ ሲወጣ ብርቅነቱ ያበቃል፤ የጋሼም ዋጋ እንዲሁ።

እናንተስ፣ አይረባም ተብሎ ከተጣለ በኋላ መልሰው ሊሸጡላችሁ የሞከሩት የእጃችሁ ሥራ አለ? ጻፉልኝ፤ ወረፋው ረጅም ነው።