ግድግዳዬ ላይ ያረፈችው የእሳት እራት

ይህን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። እዚሁ አሶሳ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ መዳፌን የምታክል ቡናማ የእሳት እራት ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ክንፎቿ ላይ ያሉት ሁለት ዓይኖች እኔን ያያሉ። ሕልሜ ያላለቀ መሰለኝ።

ፎቶ አንስቼ ፓዌ ላለው ፍቅረኛዬ ላክሁለት። የሰብል ተባይ ያጠናል፤ ሦስት ክረምት ሙሉ ደግሞ «ሽማግሌ እልካለሁ» እያለኝ ነው። ወዲያው ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አነሳሁት።

«ቀንዷን እዪው፤ ላባ ይመስላል ወይስ ክር?»

ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ አየሁ። «ክር።»

«በቃ ሴት ናት፤ የወንዱ ነው ላባ የሚመስለው። አትበላም፣ አትጠጣም፤ ቁጭ ብላ ወንዱን ትጠብቃለች። እሱ ጠረኗን ተከትሎ ከሩቅ ይመጣል።»

«ከፓዌም?»

ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብሎ ዘጋው።

ደጃፉ ላይ በቆሎ ሲፈለፍሉ የነበሩት አከራዬ እማማ ሐሊማ ሁሉን ሰምተዋል። እኔም መስኮቱን ዘግቼ ከእንግዳዬ ጋር አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ተነሺ! ሽማግሌ መጣ! ወላሂ ብዙ ነው!»

ፊቴን ታጠብ ታጠብ አድርጌ፣ ነጠላዬን ደርቤ ከፈትኩ። ግቢው ውስጥ ከእማማ ሐሊማ በቀር ሰው የለም። በጣታቸው ወደ መስኮቴ ጠቆሙኝ። ውጭው ግድግዳ በቡናማ የእሳት እራቶች ተሸፍኗል። የሁሉም ቀንድ ላባ ነው፤ ዝናብ እንደመታቸው ደጅ ይጠብቃሉ።

ፎቶ አንስቼ ወደ ፓዌ ላክሁ። ከሥሩ «የእሷስ መጡ» ብዬ ጻፍኩበት።