ወያላ ያሰለጠናት እንግዳ

ፍስሃ እንግዳዋን እንቀበላለን ብሎ ቃል የገባው ሚስቱን ሳያማክር ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቁ የገባ ደንበኛ ሁሉ ወዳጁ ነው፤ ወዳጅ የጠየቀውን ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅበትም። አንዱ ደንበኛው የውጭ ተማሪዎችን ቤተሰብ ጋር የሚያኖር ድርጅት ውስጥ ይሠራል። «ሲግሪድ የምትባል የኖርዌይ ልጅ ለባህል ጥናት ትመጣለች፤ እናንተ ጋ ትረፍ?» ሲለው፣ ፍስሃ «ምን ችግር አለው!» ብሎ ሰሚት ያለው ቤቱ ገባ።

ችግሩ የተረፈው ለሚስቱ ለሃረገወይን ነበር።

ሃረገወይን ገርጂ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ተወልዳ ያደገችው ዓዲግራት ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ መጥታ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ አፏን የከፈተች ዕለት ልጆቹ በአነጋገሯ ሳቁ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አማርኛን እንደ እልህ ተማረችው። ዛሬ «አንተ» እና «እርስዎ»ን የሚያምታታ ተማሪ እሷ ክፍል በሰላም አይወጣም። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ እንኳን ከእሷ ጋር ሲያወራ ቃላቱን ይመርጣል።

እንግዳ መምጣቱ ካልቀረ በወጉ ይሁን ብላ ተዘጋጀች። ንስሐ አባቷ አባ ገብረትንሣኤ ስለ ዜማ እንዲያስረዱ ለመነቻቸው፤ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ አናገረች። ሲግሪድ በመጣች ማግስት ራት ላይ ይህን ሁሉ ስትነግራት፣ ልጅቷ ጨዋ በሆነ ፈገግታ ሰምታ ጨረሰችና፣

«በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ የማጠናው የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ ነው» አለቻት።

«የምን?»

«ገርጂ፣ ገርጂ፣ ገርጂ! ሁለት ሰው የቀረው!»

ፍስሃ ሳቁን መያዝ አቅቶት ውኃው ትን አለው። ሃረገወይን ግን አልሳቀችም። «ይሄ ባህል ነው?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች።

ሲግሪድ በየማለዳው መገናኛ መውረድ ጀመረች። ከመገናኛ በገርጂ አድርጎ ሰሚት በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ሊባን የሚባል ረዳት አገኘች። ሊባን ከሞያሌ የመጣ፣ ድምፁ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ወጣት ነው። መቅጃዋን ይዛ ከጎኑ ዋለች። ትንሽ ቆይቶ መቅዳቱ አልበቃትም፤ ራሷ መጣራት ጀመረች። የሃረገወይን ጎረቤት የወይዘሮ አልማዝ ስልክ የመጣው ያን ሰሞን ነው።

«ሃረግ፣ ያቺ ፈረንጅሽ ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥላ ሰው ስትጭን አየኋት። ደኅና ናችሁ ግን?»

ከዚህ የባሰው አማርኛዋ ነበር። ከኖርዌይ የመጣችው ጥቂት ትህትና የተሞላባቸው ቃላት ይዛ ነው፤ አሁን ምግብ በልታ ስትጠግብ «ወራጅ አለ!» ትላለች። ፍስሃን «ሼባው» ትለዋለች፤ እሱም አቤት ይላል። ሃረገወይን በየማታው ታርማታለች፤ ሊባን ደግሞ በየቀኑ መልሶ ያበላሽባታል።

እሑድ ዕለት አባ ገብረትንሣኤ ሊጠይቁ መጡ። ሶፋው መሀል ላይ ተመቻችተው እንደተቀመጡ ሲግሪድ ከውጭ ገባች፤ ቦታ ፈልጋ ዙሪያውን ቃኘችና፣ በሙሉ ድምፅ፣

«ፋዘር፣ ጠጋ በላ! ወንበሩ የሦስት ሰው ነው!»

አባ ሳያስቡት ጠጋ አሉ። የሃረገወይን ጆሮ ጋለ።

«አባ ነው የሚባሉት! ጠጋ ይበሉ ነው የሚባለው! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ሊባን ለሁሉም እኩል ነው የሚለው።»

«ሊባን! ሊባን! ይሄን ስም ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳልሰማው!»

ግን ሰማችው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። «ማዘር፣ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ» አለች ሲግሪድ። ሃረገወይን ጠመኔውን ጥላ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ መንገደኛ ሲግሪድን መቅጃ ይዛ አይቶ «ያለ ፈቃድ ትቀርጸኛለች» ብሎ ጮኸ፤ መቅጃውንም ቀማት። ሊባን ሊያስመልስ ሲታገል ሰውዬው ወደቀ፤ መነጽሩም ተሰበረ። ሦስቱም ጣቢያ ተወሰዱ።

መርማሪው በአክብሮት ተቀበላት። «መምህርት፣ ልጅቷን ምንም የሚያስጠይቃት የለም፤ ይዘዋት ይሂዱ። ልጁ ግን ዋስ ያስፈልገዋል።»

ሲግሪድ አግዳሚው ላይ ከሊባን ጎን ተቀምጣለች።

«ተነሺ» አለቻት ሃረገወይን።

«አልነሳም። እዚህ የመጣው በእኔ ምክንያት ነው።»

«ተነሺ አልኩሽ! ተማሪዎቼን ጥዬ ነው የመጣሁት!»

«ሂጂ ፍሬንድ» አለ ሊባን። «ማዘር፣ እርስዎ ይዘዋት ይሂዱ። እኔ አጎቴ ከሞያሌ ሰው እስኪልክ እጠብቃለሁ።»

ሲግሪድ ንቅንቅ አላለችም። ሃረገወይን ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ መጨረሻ ላይ አቅቷት ራሷም ተቀመጠች። ሊባን ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ አማርኛው ድንጋጤ ሲጨመርበት ይባስ ተወሳሰበ። ተራቸውን ከሚጠብቁት አንዱ አነጋገሩን አስመስሎ ደገመው። ሌሎቹ ሳቁ። ያ መንገድ የሚሻገር የሊባን ድምፅ ጠፋ።

«ምን ያስቃል?» አለች ሃረገወይን። በክፍል ድምጿ ነበር የተናገረችው፤ ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ መታወቂያዋን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።»

ፈርማ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለች። ምን አደረግኩ? የማን ልጅ እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ሲግሪድ ልታቅፋት ስትጠጋ በእጇ ገፋ አደረገቻት። «አትንኪኝ። ዛሬ አታናግሪኝ።»

የሲግሪድ ጥናት የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ሃረገወይን ተበሳጭታም ቢሆን ልትሄድ ልብስ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠዋት ግን ከጣቢያው ተደወለ፤ ዋስ ተጠርጣሪውን ይዞ ይቅረብ። ፍስሃ አዳራሽ ሄዶ አጨበጨበ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ «ጠጋ በሉ» እንዳለ እየተረከ መጣ። እሷ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ነበረች። ሲግሪድም በሳምንቱ አልቅሳ፣ አስለቅሳ፣ ወደ አገሯ በረረች። ዋስነቱ ግን አልበረረም።

ሃረገወይን መመላለሱ ሲሰለቻት መነጽሩ የተሰበረበትን ሰውዬ ፈልጋ አገኘችው፤ አባ ገብረትንሣኤን አስከትላም ከሊባን ጋር አስታረቀቻቸው። ሊባንን በመንገድ ላይ ስታስጠናው ነበር፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ትላለህ። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሊባን ከሰውዬው ፊት ቆሞ። ትንሽ አሰበና፣ «ፋዘር» ብሎ ጨመረበት።

ሰውዬው ሳቀ፤ ክሱን ተወው።

አሁን ሃረገወይን በየማታው ከገርጂ ወደ ሰሚት ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ሊባን ከሩቅ ያያታል።

«መምህርት ሃረገወይን! ሰሚት! ይግቡ! የመምህርት ቦታ ተይዟል!»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። «በሰልፍ እንጂ!» ይላል አንዱ ከኋላ፤ «እኛ ሰው አይደለንም?» ትላለች ሌላዋ። ሃረገወይን ስሟን እንዳይጠራ ደጋግማ ነግራዋለች። እሺ ይላታል፤ በማግስቱ መልሶ ይጣራል። ሌላ ታክሲ ልጠብቅ ብትልም እሷ ካልገባች አይንቀሳቀስም፤ ተሳፋሪው በመስኮት ይጮህባታል።

«አንተ ልጅ፣ ታሳፍረኛለህ» ትለዋለች እየገባች።

«ጠጋ ይበሉ፣ መምህርት» ይላታል።