ሆዷ የተቃጠለባት እናትና ድሬሰሮቼ

በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴን ለቀምት ብለን በምንጠራበት ጊዜ፣ ድሬሰር አስተምር ነበር። ጎንደር የጤና መኮንንነት ተምሬ እንደወጣሁ ነው የተመደብኩት። የከተማው ሆስፒታል ዶክተር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ቁስል የሚያጥቡትን፣ መርፌ የሚወጉትን፣ ኋላም ገጠር ወርደው ብቻቸውን የሚያክሙትን ድሬሰሮች ማሠልጠን የእኔ ሥራ ሆነ።

ያ የማስተማሪያ ክፍል ዛሬም ይናፍቀኛል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበውና ድምፄ አይሰማም፤ ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ። እነሱም እስኪያባራ ድረስ አንዱ በሌላው ክንድ ላይ ፋሻ መጠቅለል ይለማመዳሉ። ጣቶቻቸው በቁስል መድኃኒት ሐምራዊ ሆነው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ነጋዴው ሁሉ "ዶክተር" እያለ ይጠራቸዋል። እነሱም አያርሙትም።

ከተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። የዚያው አካባቢ፣ የጉቶ ጊዳ ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ለዓመታት በአስታማሚነት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ ነው ትምህርት የገባው። የመድኃኒቶቹ የፈረንጅ ስም ምላሱ ላይ ይተሳሰርበታል። እኔም ገና ጎረምሳ፣ በሰው ፊት "አንተ" እያልኩ ስቆጣው አላፍርም ነበር።

አንድ ማለዳ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኜ በሽተኛ ስመለከት፣ ከኡኬ ገጠር በኩል የመጣች ሴት ገባች። እህል አልቀምስ ብላ ዘመዶቿ ናቸው ያመጧት። ያኔ ኦሮምኛ አላውቅም፤ ያ ተማሪዬ እንዲተረጉምልኝ አዘዝኩት።

"አካም ቡልተኒ፣ አዮ?" አላት፤ እንዴት አደሩ፣ እናቴ ማለቱ ነው።

ሴትዮዋ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ገራን ና ጉበቴ" አለች።

"ሆዴ ተቃጠለ ነው የምትለው" አለኝ። ሌላም ሊጨምር አፉን ከፈተ።

አላስጨረስኩትም። ወደ ሌሎቹ ዞሬ ስለ ጨጓራ ማስተማር ጀመርኩ። "ጠይቃት፤ የሚያቃጥላት ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ወደ ሴትዮዋ አልዞረም።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ጌታዬ፣ ይህንንስ አልጠይቃትም" አለ። "ልጇ ሞቶባት ነው፤ ዘመዶቿ ሲገቡ ነግረውኛል። በእርስዎ አገር ሐዘን የሚያቃጥለው የት ነው?"

በእኛም አገር ያው ሆድን ነው። እናቴ ወንድሜን የቀበረች ቀን ያለችው ይህንኑ ነበር። ወንበሬን ስቤ ሴትዮዋን ተጠጋኋትና "እባክዎ፣ የምትለውን ሁሉ ይስሙልኝ" አልኩት። "አንተ" ማለቴ በዚያው ቀረ።

ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ አነጋገራት። ልጇ የሞተው ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሲያስለው ሰንብቶ ነው። የጎረቤቶቿም ልጆች እንደዚያው ሆነው ተኝተዋል። ኩፍኝ ነበር። ሆዷን ብቻ አክሜ ብሸኛት ኖሮ ይህን ማንም አይነግረኝም ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋንና ዘመዶቿን ይዘን ወደ መንደሯ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ በሆስፒታሉ ጂፕ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን በበቅሎ ጭነን በእግራችን ዘለቅን። ሳንባቸው የታመመባቸውን ልጆች ፔኒሲሊን ወጋናቸው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ውኃ አይጠጣም ይባል ነበርና ያ ተማሪዬ ከቤት ቤት እየዞረ፣ በራሱ ልጆች ስም እየማለ፣ እንዲያጠጧቸው እናቶቹን ለመናቸው። እኔ ብሆን ማንም አይሰማኝም። ያቺ እናት ሁለተኛው ቀን ላይ ከተኛችበት ተነሥታ የጎረቤቶቿን ልጆች በጣሳ ውኃ ታጠጣ ጀመር። ሁለት ልጆች ሞቱብን፤ የቀሩት ተረፉ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የበሽታ ስም ከመጻፋቸው በፊት በሽተኛው ያለውን፣ በገዛ ቋንቋው፣ እንዳለ እንዲጽፉ አደረግኩ። ኦሮምኛ ያስተማረኝም ያው የጉቶ ጊዳው ተማሪዬ ነው፤ ስሳሳት እንደ እኔ አይቆጣም፣ ይስቃል እንጂ።

ፈተናውን እንደምንም አልፎ ገጠር ክሊኒክ ተመደበ። ከጊዜ በኋላ በዚያ ሳልፍ ልጠይቀው ገባሁ። አንዲት አሮጊት ፊቱ ተቀምጣ ታወራለች፤ አጠገቡ ሁለት አዳዲስ ድሬሰሮች ቆመው ይጽፋሉ። አየኝና ፊቱ በራ፤ ግን አልተነሣም።

"መምህሬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አለ። "እኚህ እናት ገና አልጨረሱም።"

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።