ታቦት ያረፈበት መንገድ

አንድ የቀበሌው ወጣት ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ «የዚህችን የእግር መንገድ ታሪክ ያውቃሉ?» ሲለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ከሞጣ የመጣሁት ዘመድ ልጠይቅ ነበር። ከቢቸና ወጣ ብላ ባለችው ሰፈራችን ግን ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ የድሮ መንገዶችን ታሪክ ሲያስመዘግብ ደረስኩ። ታሪክ ያለው መንገድ ለሕዝብ ይከበራል፤ የሌለው ለባለ ማሳው ይመለሳል። እኔ ደግሞ የዚያችን መንገድ ታሪክ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የፈጠርኩት እኔው ነኛ!

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። መንገዷ የአያ ይርሳውን የጤፍ ማሳ መሐል ለመሐል አቋርጣ ትምህርት ቤታችን ደጃፍ ታወጣናለች። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ያርሰዋል፤ በአንድ እግር እየዘለልን እንሽቀዳደምባታለን፤ የእርጥቡ ዋልካ አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አያ ይርሳው ታዲያ በየዓመቱ በሬ ባዞሩ ቁጥር ከመንገዷ ትንሽ ትንሽ ይሸርፋሉ። አንድ ግንቦት ጭራሽ ገልብጠው አረሷት። ዙሪያውን ስንሄድ ሰልፍ ያመልጠናል፤ ሰልፍ ያመለጠውን ደግሞ አርጩሜ ይጠብቀዋል።

ሦስት ቀን ተገረፍኩ። በአራተኛው ቀን እልህ ያዘኝና ዕርፍ ጨብጠው ሳገኛቸው «አያ ይርሳው፣ እዚህ እኮ ታቦት ያረፈበት ነው! አያቴ ናት የነገረችኝ» አልኳቸው። አያቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል፤ ማን ሄዶ ይጠይቃታል?

ሰውየው ቀጥ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ያን የተገላበጠ አፈር ተንበርክከው ሳሙት። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። በማግስቱ መንገዷ ተደልድላ፣ ከበፊቱ ሰፍታ ጠበቀችን። ጓደኞቼ ጮቤ ረገጡ። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም በሄድኩ ቁጥር በሩ ላይ ያለው መልአክ ያፈጠጠብኝ ይመስለኝ ነበር።

አያ ይርሳው ዛሬ የሉም። ማሳውን የምታሳርሰው ልጃቸው አለሚቱ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። መንገዷ መሬቷን ለሁለት ሰንጥቃባታለች፤ ብትመለስላት ለልጇ ጎጆ ማውጫ ትሆናት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያስመዘግቡ ብሰማ ደግሞ ጉድ ነው! አንደኛው ታቦቱ ያረፈው በረዶ ወርዶ ነው ይላሉ፤ ሌላኛው የለም፣ ወንዝ ሞልቶ ነው ይላሉ። የእኔ ውሸት በረዶም ወንዝም አልነበራትም። መቀመጥ አቃተኝ። በመጨረሻ አለሚቱን ወደ ጎን ጠርቼ ሁሉንም ዘከዘክሁላት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ወግጅ! ለእኔ አዝነሽ ነው አይደል?» አለች። «አባቴ ሲሞት አስከሬኑን እዚያች መንገድ ላይ አሳርፈን ነው ፍትሐት የተደረሰለት። ራሱ ነው እዚያ አሳርፉኝ ብሎ የተናዘዘው። ለክንድ መሬት ብዬ እሱን ሁሉ ውሸት ነው ልበል?»

«ማርያምን እውነቴን ነው!» ብላት ጆሮም አልሰጠችኝ። እጄን ይዛ ወደ ሰዉ መለሰችኝና ወጣቱን «ለአባቴ የነገረችው እሷ ናት፤ ከአያቷ ነው የሰማችው» አለችው።

ያኔ አንዲት ፍሬ ልጅ ስትዋሽ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ አመናት። ዛሬ ሞጣ ላይ መምህርት ተብዬ የምከበረው ሴትዮ እውነቱን ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። አያ ይርሳው በእኔ ምላስ መሬታቸውን ሰጥተው፣ ይቅርታ እንኳ ሳልላቸው ሄዱ። ይሄ ነው ደረቴን የሚያቃጥለኝ።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አነሳ። «ታሪኩን የነገሩዎትን የአያትዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ» አለኝ። አለሚቱ ታየኛለች።

የአያቴን ስም ነገርኩት።