የጓሯችን አፈር

ዝናብ ያረጠበው አፈር በሸተተኝ ቁጥር በስደት አገር ልጅ ሆነን ያደግንበት የያራቪል ሰፈር ጓሮ ይታየኛል። አባቴ ለዶሮዎቹ የፋብሪካ መኖ አይገዛም ነበር። ጎመንና የተረፈ እንጀራ ይበትንላቸዋል፤ እነሱም ቀኑን ሙሉ አፈሩን ሲጭሩ ይውላሉ። እንቁላሉን ለታናሽ እህቴ ቀቅሎ፣ "ንጹሕ ነው፣ ብይ" ይላታል።

አንድ ቀን እህቴን ከክሊኒክ ይዟት ተመለሰና የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"ደሟ ውስጥ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ አለ አሉ" አላት እናቴን። "የድሮ ፋብሪካ አፈሩ ላይ የተወው ነው። በእንቁላሉ ነው የገባው።"

"መኖውን ብንቀይርስ?"

"መኖው ምን አደረገ? ከጦርነት አሸሸኋችሁ። ከአፈር ወዴት ላሽሻችሁ?"

እኔ አልገባኝም። አፈሩ እንደ ወትሮው ደስ የሚል ሽታ ነበረው።

እህቴ አሁን ትልቅ ሴት ናት። ዛሬም ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ።