የሲስተር መላጊያዎች

ሲስተር ነርስ ሆነው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት የቀዶ ጥገና መሣሪያ ሲያጥቡ፣ ሲቀቅሉና በጨርቅ ሲጠቀልሉ ነው የኖሩት። ሰፈሩ ነጭ ጋዋናቸውን አይቶ ሲስተር አላቸው፤ እሳቸውም አልተከራከሩም።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር፣ ሚስማር ሊገዙ አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ቤት ጎራ ብለው ዝገት የበላው የእንጨት መላጊያ አዩ።

«እሱ እንኳ የሞተ ነው» አላቸው ሻጩ።

«ቆሽሾ ነው እንጂ አልሞተም» ብለው በፌስታል ይዘውት ገቡ።

ስለቱን ነቅለው ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት፤ በድንጋይ ሳሉት። በሦስተኛው ቀን ከዝገቱ ሥር የሠሪው ማኅተም፣ አንዲት ትንሽ ዘውድ፣ ብቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ መላጊያ፣ ሰባት መጋዝና ስፍር ቁጥር የሌለው መሮ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሳሎኑን ቁምሳጥን ሞላው። ብርጭቆዎቹ አልጋ ሥር ገቡ።

«እማዬ፣ ለእንግዳ በመሮ ውሃ ላቅርብ?» ትላለች አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው።

«ከብርጭቆሽ ይልቅ መሮው ንጹሕ ነው።»

ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር የሚሠራው አናጺ አንድ ቀን መላጊያ ሊዋስ መጣ። «ለሥራ አይደሉም» አሉት። «ታዲያ ለምንድን ናቸው?» ሲላቸው በሩን ዘጉበት።

ዝናቡ ሲበረታ የልጃቸው መኝታ ቤት በር አብጦ አልዘጋ አለ። አናጺውን ልጥራ ብትል ሲስተር ተቆጡ። «አሥራ ዘጠኝ መላጊያ ይዤ አናጺ ይጠራልኝ?» በሩን አስነቅለው ወለሉ ላይ በጎኑ አቆሙት፤ ትልቁን መላጊያ አውጥተው ገፉ። የመጀመሪያው ልጣጭ እንደ ሪባን ተጠቅልሎ ወጣ። ደስ አላቸውና ደገሙት፤ ደጋገሙት። በሩ ሲሰቀል መዘጋቱንስ ተዘጋ፤ በጎኑ ግን ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተረፈ።

«አሁንማ ሳልከፍተውም ሳሎኑ ይታየኛል» አለች ልጃቸው በክፍተቱ እያጮለቀች።

ሲስተር አልሳቁም። ሁለት ቀን ሙሉ መሣሪያ አልነኩም። በሦስተኛው ቀን መላጊያውን ታቅፈው ወደ አናጺው ወረዱ። አናጺው ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ቁራጭ ጣውላ ላይ ሁለቴ ገፋው።

«ይሄ ጢም ይላጫል እኮ። ሲስተር፣ ስለቱ እንከን የለውም። እጅዎ ነው ያልተሳለው።»

«እጅስ ይሳላል?»

«በዚህ ዕድሜ?»

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀህ?»

ተስማሙ። እሳቸው የደነዘዙ መጋዞቹን ሊስሉለት፣ እሱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሊያስተምራቸው። የመጀመሪያዋን ጣውላ እንደ ማስመሪያ እስክትሳሳ ላጓት። የልጃቸውን በር ክፍተት አናጺው ቀጭን እንጨት ለጥፎ ሲደፍነው፣ እንጨቱን በልኩ የላጉት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ሰባ ሊሞላቸው ነው። ሠሩ ቢባል አንድ መደርደሪያና ሁለት በርጩማ ነው፤ አንዱ በርጩማ ይነቃነቃል። ስድስቱ መላጊያዎች አናጺው ዘንድ ቀርተው፣ ሳጋቱራ ለብሰው ይውላሉ። ባለፈው ወር አናጺው ያላየው ሚስማር የአንዱን ስለት ሸረፈው። ሲስተር ስብራቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ድንጋዩን አምጣው» አሉ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።