በጭድ የተሰፋ ሻኛ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ፍኖተ ሰላም አንድ ጎረቤታችን አረፈ። ድሮ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣ ነበር። አሁን እድራችን ከቁጠባ ማኅበር ጋር ተቀላቅሎ፣ ጥሩምባውም በስልክ ተቀድቶ፣ ኦርጋን ገብቶበት፣ ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ይለፈፋል። ለቅሶ ይሁን ሰርግ የሚለይ የለም። ለቀስተኛው ገና ሳይቀመጥ ስለ ቁጠባ ይነገረዋል። የልጅ ልጄ፣ "አባባ፣ ባህላዊው ከዘመናዊው ተዳቅሎ እኮ ነው" አለኝ። መዳቀል ሲባል ደግሞ እኔ አንድ በሬ ነው ትዝ የሚለኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። የምንኖረው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ይታይሽ የምትባል ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ብልክ፣ አባቷ አያ ታረቀኝ ጥማድ በሬውን አይቼ ነው መልስ የምሰጥ አሉ። እኔ ያለኝ ቦራ የሚባል አንድ የአገር በሬ ነው። ሁለተኛው፣ አጎቴ ከከብት እርባታ በጥጃነቱ ያመጣልኝ ድቅል ነበር፤ አባቱ የፈረንጅ ኮርማ፣ እናቱ የኛው ላም። ቁመቱስ ቁመት ነው። ገበያ ስነዳው መንገደኛው ዞሮ ያየው ነበር፤ እኔም እኔን የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር።

ጉዱ የወጣው ላለማምደው ስጠምደው ነው። በሬ ሲስብ ቀንበሩን የሚይዘው ሻኛው ነው። ይሄ ሻኛ የሚባል የለውም፤ ጀርባው እንደ መደብ ልሙጥ ነው። በሳበ ቁጥር ቀንበሩ ወደ ወገቡ ይንሸራተታል።

ባገራችን ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ነውር የለውም። እኔ ግን ያን የሚያህል ቁመት በረት አቁሜ መቀናጆ መለመን አፈርኩ። ጆንያ ቀድጄ፣ ጭድ ጠቅጥቄ፣ ቁርበት አልብሼ ሻኛ ሰፋሁለት። በጠፍር ከደረቱ ሥር አሰርኩት። ድቅሉን ደግሜ አዳቀልኩት እንበል።

አያ ታረቀኝ የመጡት በግንቦት ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን አለስልሶት፣ የአፈሩ ሽታ ደስ ይላል። እናቴ የዳጉሳ ጠላና ትኩስ ድንች ብታቀርብ፣ እሳቸው መጀመሪያ በሬውን ብለው ማሳው ዳር ቆሙ። ሁለት ትልም ደህና ሄድን። ሦስተኛው ላይ ቀንበሩ ሾለከ፤ ሻኛውም ዞሮ ከሆዱ ሥር ተንጠለጠለ።

ወንድሜ ሳቁ አላስቆም ብሎት ተቀመጠ። አያ ታረቀኝ አልሳቁም።

"ይሄ ሊታለብ ነው እንዴ የመጣው?" አሉ።

እርፉን እንደያዝኩ፣ ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"በአንዱ በሬህ ብትመጣ የኔን አቀናጅልህ ነበር። ልጄንም አልነፍግህም ነበር። አሁን ግን ሌላ ምን እንደሰፋህብኝ በምን አውቃለሁ?"

ጠላውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ይታይሽ በጥር ሁለት ከሲታ የአገር በሬ ላለው ልጅ ተዳረች። ድቅሉን ለሥጋ ሸጥነው። ሥጋው ለስላሳ ነው አሉ፤ እኔ ንቄው አልቀመስኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድቅል ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውን እንደናቅሁት አለሁ። ያን በሬ ግን አሁን አሁን ይቅር ብዬዋለሁ። እሱ አንድም ቀን ሻኛ አለኝ አላለም።